«መላጫ» ወይስ «የምላጭ»? የጢም ሳሙናና ክሬም ታሪክ ከስያሜ አንጻር

ለአንድ ነገር ስያሜ ከመምረጥ በፊት የነገሩን ታሪክ መመርመር ያሻል ሲባል ብዙውን ጊዜ ወደ ሐሳባችን የሚመጡት ታላላቆቹ ጉዳዮች ናቸው፤ ሕግ፣ ሕክምና፣ የመንግሥት አስተዳደር። ወንድ ልጅ ጧት ጧት ጉንጩን የሚቀባው ነጭ አረፋ ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ራስ ምታት ይሆናል ብሎ የሚጠረጥር የለም። እኔም አልጠረጠርሁም ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከውጭ አገር ሸቀጥ የሚያስመጣ አንድ ድርጅት የሁለት ዕቃዎችን የአጠቃቀም መመሪያ በአማርኛ አስተርጉሞ እንዳርምለት ላከልኝ። አንደኛው ዕቃ ጢም ከመላጨት በፊት ፊት ላይ የሚቀባ ክሬም ነው። ሁለተኛው ግን ምላጭ ሳያስፈልግ ጠጉርን ከቆዳ ላይ የሚያረግፍ ብርቱ ኬሚካል ያለበት ቅባት ነው። ተርጓሚው ሁለቱንም «የጠጉር መላጫ ክሬም» ብሏቸዋል። እርማቴን ከመጻፌ በፊት ግን ያው ትርጉም ታትሞ ገበያ ወጥቶ ኖሮ፣ በሰፈራችን ጠጉር የሚያስተካክለው ሰው ሁለተኛውን ዕቃ ገዝቶ፣ እንደ ልማዱ ጉንጩን ቀብቶ፣ አረፋ እስኪወጣው ሲጠብቅ ቆይቶ ፊቱ ተላጠ። ሲያየኝ «ጋሼ፣ ወረቀቱ መላጫ ነው ይላል፤ እኔ ምን አጠፋሁ?» አለኝ። ጥፋቱ የእሱ አልነበረም። ከሞላ ጎደል የተርጓሚውም አልነበረም፤ የእኛ የስያሜ ሠራተኞች ነበር። የዚህ ጽሑፍ መነሻም ይኸው ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩን ከሳሙና እንጀምር። ሳሙና የሚለው ስም በጽሑፍ ጎልቶ የሚታየው በሮማዊው በፕሊኒ የተፈጥሮ ታሪክ መጽሐፍ ውስጥ ነው። ፕሊኒ በ1ኛው መቶ ዓመት ሲጽፍ «ሳፖ» የጎል ሰዎች ብልኀት መሆኑን፣ ከሞራና ከአመድ እንደሚሠራ፣ ምርጡም ከፍየል ሞራና ቢች ከሚባለው ዛፍ አመድ የሚወጣው መሆኑን፣ አንዱ ወፍራም ሌላው ቀጭን ሁለት ዓይነት እንዳለው ይናገራል። አገልግሎቱ ግን ማጠብ አይደለም፤ ጠጉርን ማቅላት ነው። በጀርመኖችም ዘንድ ከሴቶቹ ይልቅ ወንዶቹ እንደሚያዘወትሩት ጨምሮ ገልጿል። እንግዲህ ሳሙና በላቲን ጽሑፍ ብቅ ሲል ከወንድ ጠጉር ጋር ተያይዞ ነው፤ ከምላጭ ጋር ግን ገና አልተገናኘም።

ቃሉ ከሰሜን ሕዝቦች ቋንቋ ወደ ላቲን፣ ከዚያም ወደ ግሪክ ገባ። የዐረብኛው «ጻቡን»፣ የቱርክኛው «ሳቡን»፣ የጣልያንኛው «ሳፖኔ» እና የእኛው «ሳሙና» የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ወደ እኛ የደረሰበትን መንገድ ለመገመት የድምፅ ሕግ ይረዳል። የዐረብኛው ጠባቂ «ጽ» ወደ አማርኛ ሲገባ ተራ «ስ» መሆኑ የተለመደ ነው፤ «ሳሕን» የሚለውን ቃላችንን መመልከት ይበቃል። «ብ» ወደ «ም» መዞሩም የሚያስደንቅ አይደለም፤ ሁለቱም የከንፈር ድምፆች ናቸው፣ ከኋላ የሚከተለውም «ን» የአፍንጫ ድምፅ ስለ ሆነ ጎረቤቱን ወደ ራሱ ስቦታል። ስለዚህ የዐረብኛው መንገድ ከጣልያንኛው ይልቅ ሚዛን ይደፋል።

እዚህ ላይ አንድ የቃል ምሥረታ ችግር ልጥቀስ። ሞራና አመድ ተገናኝተው ሳሙና የሚሆኑበትን ኬሚካዊ ለውጥ በአንድ ግስ ለመጥራት የሞከረ ሰው፣ ከ«ሳሙና» ተነሥቶ «ሳመነ» ብሎ ቢመሠርት አድራጊውን «አሳመነ» ሊለው ነው። ሞራን ያሳመነ አመድ ብለን መጻፍ ስለማንችል «ወደ ሳሙና መለወጥ» በሚለው ሐረግ ረክተን መኖር አለብን። ረዥም ነው፤ ግን አያስቅም።

አመድ ሁለት ዓይነት ነው፤ የጢም ሳሙናም ታሪክ ከዚህ ልዩነት ይነሣል። የመሬት ዛፍ አመድ በውሃ ተዘፍዝፎ ሲፈላ ፖታሽ ይሰጣል፤ ከፖታሽ የሚወጣው ሳሙና እንደ ሊጥ የላላ ነው። በባሕር ዳርና በጨዋማ መሬት የሚበቅሉ ዕፆች አመድ ግን ሶዳ ይሰጣል፤ ከሶዳ የሚወጣው ሳሙና እንደ ድንጋይ ይደርቃል። የሰሜን አውሮፓ ሰዎች ሞራና የጫካ አመድ ስለ ነበራቸው ሊጥ መሰሉን፣ የሜዲትራኒያን ዳርቻ ሰዎች የወይራ ዘይትና የባሕር ዕፅ አመድ ስለ ነበራቸው ደረቁን ሲሠሩ ኖሩ። የአሌፖ፣ የካስቲልና የማርሴይ ሳሙናዎች የታወቁት በዚህ በደረቁ ወገን ነው፤ በ1688 የወጣው የሉዊ 14ኛ አዋጅም የማርሴይ ሳሙና ከወይራ ዘይት በቀር የእንስሳ ሞራ እንዳይገባበት ከልክሏል። በ1791 ሌብላን የተባለው ፈረንሳዊ ሶዳን ከገበታ ጨው ማውጣት ሲጀምር ደረቅ ሳሙና ረክሶ በየቤቱ ገባ።

የቋንቋ ሰው ከዚህ የሚያገኘው ትርፍ አለ። ሃምፍሪ ዴቪ በ1807 ከፖታሽ አዲስ ንጥረ ነገር ነጥሎ ሲያወጣ በእንግሊዝኛ «ፖታሲየም» አለው፤ የቃሉ ሥር «የድስት አመድ» ማለት ነው። የንጥረ ነገሩ ምልክት ግን «ካሊየም» ከሚለው ስም የተወሰደ ሲሆን፣ ይኸም የዐረብኛው «ቀልይ»፣ ማለት የዕፅ አመድ ነው። «አልካሊ» የሚለውም ከዚያው ነው። ተማሪዎቻችን ስሙና ምልክቱ ለምን እንደማይገጥሙ ሲጠይቁ የሚሰጣቸው መልስ ስለ አመድ የሚተረክ ታሪክ መሆን ይገባው ነበር፤ ብዙ ጊዜ ግን «እንዲሁ በቃል ያዘው» ይባላሉ።

በእንግሊዝኛ ሊጥ መሰሉን ሳሙና የሚጠሩበት ስም ቃል በቃል «ለስላሳ ሳሙና» ተብሎ ይተረጎማል። አማርኛ አንባቢ ግን «ለስላሳ» ሲባል ቆዳ የማይጎዳ ነው የሚመስለው፤ ከፖታሽ የተሠራ ያልተጣራ ሳሙና ደግሞ እጅ ይልጣል። «ፈሳሽ ሳሙና» የሚለውም ዛሬ ለሌላ ሸቀጥ ተይዟል። እኔ «ሊጥ መሰል ሳሙና» የሚለውን እመርጣለሁ፤ መልኩን እንጂ ጠባዩን አይናገርምና።

መላጨትስ? ጥንት ሰው ያለ ሳሙና ይላጭ ነበር። ፕሊኒ እንደሚለው ጢም ላጮች ወደ ሮም የመጡት ከሲሲሊ ሲሆን ጊዜውም ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 ዓመት ገደማ ነው። በየቀኑ መላጨት የጀመረውም ስኪፒዮ ኤሚሊያኑስ ነው ይላል። የሮማው ላጭ መሣሪያ ውሃና ብረት ነበረ፤ ደንበኛውም የሚችለውን ያህል ይችል ነበር።

በእኛ አገር የምላጭ ዋና የሥራ ቦታ ጢም ሳይሆን ራስ ነው። ግእዙ «ላጸየ»፣ አማርኛው «ላጨ» ይላል፤ «ጸ» እና «የ» ተዋሕደው «ጨ» መሆናቸው ለድምፅ ታሪክ መምህር የተዘጋጀ ምሳሌ ይመስላል። በአንጻሩ ግእዙ «ጽሕም» ያለውን አማርኛ «ጢም» ብሎታል፤ እዚህ «የ» ስለሌለ «ጸ» ወደ «ጠ» ብቻ ዞረ። «ላጨ» ያለ ተሳቢ ሲነገር የአማርኛ ጆሮ ራስን ይገምታል። ቁንጮ፣ ጋሜ፣ ሳዱላ የሚባሉት የልጅነትና የልጃገረድነት ምልክቶች ሁሉ የምላጭ ሥራዎች ናቸው፤ ምላጩ የሚተወው ጠጉር ስም አለው፣ የሚያነሣውም ቦታ ስም አለው። በሐዘን ጊዜ ራስን መላጨትም የታወቀ ነው። ከዚያ ውጭ ምላጭ የወጌሻና የአዋላጅ መሣሪያ ነበረ፤ «ምላጭ ቢያብጥ በምን ይበጡ» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር የሚያስበው እባጭን እንጂ ጢምን አይደለም። በዚህ ሁሉ ሳሙና ቦታ የለውም፤ ጠጉሩን በውሃ ማራስ ይበቃል።

አረፋስ አልጠፋም ነበር። ከሸማ ጋር ሆኖ ወንዝ ዳር ነበረ፤ እንዶድ በሚባለው ተክል ፍሬ። እንዶድ ደርቆ ተወቅጦ በውሃ ሲታሽ አረፋ ይደፍቃል፤ ሳሙና ግን አይደለም። አረፋውን የሚሰጠው ሳፖኒን የሚባል የተክል ውሑድ ነው፤ ስሙ ከ«ሳፖ» ቢወጣም በውስጡ ሞራም አመድም የለበትም። ስለዚህ «የእንዶድ ሳሙና» የሚለው አባባል ለቤት ንግግር ደግ ነው፤ ለኬሚስትሪ መጽሐፍ ግን ስሕተት ነው። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በአድዋ ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ባየ ጊዜ የደረሰበትም ይህን ውሑድ ነው፤ ቀንድ አውጣዎቹ የብልሃርዝያ ተሸካሚዎች ስለ ሆኑ ግኝቱ ዓለም ዐቀፍ ዝና አገኘ፣ በ1989ም እርሱና ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀበሉ። ከእንዶድ የተለየው አንዱ ውሑድ በስሙ «ለማቶክሲን» ተብሏል። የእኛ ሰው ስም በኬሚስትሪ ስያሜ ውስጥ ሲገባ ለስያሜ መጽሔት ማንሣቱ ከርእስ መውጣት አይሆንብኝም።

ወደ አውሮፓ ልመለስ። ሳሙናና ምላጭ በላጮች ሱቅ ውስጥ ከተዋወቁ በኋላም መላጨት የባለሙያ ሥራ ሆኖ ቆየ። ዣን ዣክ ፔሬ የተባለ የፓሪስ ቢላዋ ሠሪ በ1769 ሰው ራሱን በራሱ እንዲላጭ የሚያስተምር መጽሐፍ አሳተመ፤ ለሙያውም «ፖጎኖቶሚ» የሚል ስም አወጣለት፤ ግሪክኛ ነው፣ «ጢም መቁረጥ» ማለት። ስሙ ምንም እንከን የለውም፤ ሥሩ ንጹሕ፣ አመሠራረቱ ሕጋዊ ነው። የተናገረው ሰው ግን የለም፤ ፈረንሳዮች ዛሬም «ራዛዥ» ይላሉ። እኔ ከግእዝ የተመሠረተ ያማረ ቃል ባየሁ ቁጥር ይህን ቢላዋ ሠሪ አስታውሳለሁ።

በ19ኛው መቶ ዓመት ነገሩ ወደ ሽቶ ቀማሚዎችና ወደ ፋብሪካ ተዛወረ። ሴፕቲመስ ፒየስ በ1855 ስለ ሽቶ ጥበብ ባሳተመው መጽሐፍ ከዓሣማ ስብና ከፖታሽ የሚሠራ፣ እንደ ሉል የሚያብለጨልጭ «የለውዝ ክሬም» የሚባል ሊጥ መሰል ሳሙና ለጢም በእጅጉ ይፈለግ እንደ ነበር ጽፏል። «ክሬም» የሚለው ቃል ለጢም ሳሙና ሲውል እዚህ ላይ በግልጽ እናየዋለን፤ በውስጡ የወተት ስልባቦት የለበትም፣ ለውዙም ሽታው ብቻ ነው። በአሜሪካ ደግሞ ጄምስ ዊልያምስ ከ1840 ጀምሮ በኮነቲከት የጢም ሳሙና በፋብሪካ እየሠራ ይሸጥ ነበር።

የሳይንሱን መሠረት የጣለው ሸቭረል ነው። በ1823 ስለ እንስሳ ስብ ባሳተመው ጥናት ስብ ምን ምን አሲዶች እንዳሉት አሳየ፤ አንዱን «ስቴሪክ» ብሎ ሰየመው፣ ከግሪክኛው «ስቴያር» ማለት ከሞራ። ጥሩ የጢም ሳሙና ማለት ከሞላ ጎደል ይህ የሞራ አሲድ ከፖታሽና ከጥቂት ሶዳ ጋር የተዋሐደበት ነው። ፖታሹ ቶሎ በውሃ እንዲሟሟ፣ ሶዳው ቅርጹን እንዲይዝ፣ ሞራው አረፋው እንዳይከስም ያደርጋሉ። የእጅ ሳሙና አረፋው ፊኛ ነው፤ ይነፋል፣ ይፈነዳል። የጢም ሳሙና አረፋ ግን ውሃን በጠጉር ላይ አስሮ ለማቆየት የተሠራ ነው፤ ሁለት ሦስት ደቂቃ የራሰ የጢም ጠጉር ከደረቁ በብዙ ባነሰ ጉልበት ይቆረጣልና። ልብ በሉ፤ ሳሙናው አይላጭም። ምላጩ እንዲላጭ ያመቻቻል። ወደዚህ እመለስበታለሁ።

አረፋውን የሚያነሣው ብሩሽ የራሱ የጨለማ ምዕራፍ አለው። ምርጡ ብሩሽ ባጀር ከሚባለው የዱር እንስሳ ጠጉር ይሠራ ነበር። በ1ኛው የዓለም ጦርነት ይህ ጠጉር ሲወደድ ከእስያ የመጣ የፈረስ ጠጉር ሳይቀቀል ይተካ ጀመር፤ በዚህ የተነሣ ከመቶ የበለጡ የአሜሪካና የእንግሊዝ ወታደሮች በአባ ሰንጋ ተያዙ፣ የሞቱም አሉ። በዚያው ጦርነት በ1918 የአሜሪካ መንግሥት ለወታደሮቹ 3.5 ሚሊዮን የጂሌት መላጫ ማዘዙ ራስን በራስ መላጨትን የብዙኀን ልማድ አደረገው። በ1919 ቀድሞ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም ፕሮፌሰር የነበረው ፍራንክ ሺልድስ «ባርባሶል» የተባለውን ክሬም አወጣ፤ ብሩሽ አይፈልግም፣ አረፋም የለውም፣ በጣት ይቀባል። ከ1925 ጀምሮ የተሸጠው «በርማ ሼቭ»ም እንዲሁ ነው፤ ይህኛው በመንገድ ዳር በተከታታይ ሰሌዳዎች ስንኝ እየጻፈ እስከ 1963 ድረስ በግጥም ሲሸጥ ኖረ። በ1949 ደግሞ «ራይዝ» የሚባለው ከቆርቆሮ በግፊት የሚወጣ አረፋ ብሩሹንም ጣቱንም ሥራ አስፈታቸው።

ቆርቆሮው ፍርድ ቤት ገብቷል። ኮልጌት ፓልሞሊቭ «ራፒድ ሼቭ» የተባለ አረፋውን በቴሌቪዥን ሲያስተዋውቅ የብርጭቆ ወረቀት በአረፋ ቀብቶ ወዲያው ምላጭ ሲያስኬድበት፣ ወረቀቱ ልሙጥ ሆኖ ታየ። ነገሩ ሲመረመር የታየው ወረቀት ሳይሆን አሸዋ የተበተነበት ፕላስቲክ ሆኖ ተገኘ፤ እውነተኛው የብርጭቆ ወረቀት እንዲለሰልስ 80 ደቂቃ ያህል መራስ ነበረበት። በ1965 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ማስታወቂያው አታላይ ነው ብሎ ፈረደ። አንድ ኩባንያ የራሱ አረፋ የሚያደርገው ማራስ ብቻ መሆኑን አምኖ ቢቀበል ኖሮ ይህ ሁሉ ክርክር ባልተነሣ ነበር።

አሁን ወደ ስያሜው። «ክሬም» በፈረንሳይኛ የሁለት ቃላት ልጅ ነው፤ አንደኛው የወተት ስልባቦት ስም የነበረ የጎል ቃል፣ ሁለተኛው የግሪክኛው «ክሪስማ»፣ ማለት የሚቀቡት ቅዱስ ዘይት ነው። በእኛም ቋንቋ ቅቤ፣ ቅባትና ቅብዐ ቅዱስ ከአንድ ሥር፣ ከግእዙ «ቀብአ» የወጡ ናቸው። ሁለት ተራርቀው ያሉ ሕዝቦች የወተትን ስብና የመቀባትን ሥርዓት በአንድ ስም ማገናኘታቸው ደስ ያሰኛል። ስለዚህ «ቅባት» ለክሬም ተገቢ ትርጉም በሆነ ነበር፤ ግን ዛሬ ቫዝሊኑንም፣ የራሱን ዘይትም፣ የወጡን ስብም ስለሚጠራ ለሙያ ቃልነት ሰፍቷል። «ክሬም» ከገበያው ጋር ገብቷልና እንዲቆይ እፈርዳለሁ።

ችግሩ «መላጫ» ላይ ነው። እንግሊዝኛ «የመላጨት ክሬም» የሚል ትርጉም ባለው ስም ድርጊቱን ብቻ ይጠቅሳል። ፈረንሳይኛና ጣልያንኛ ሳሙናውን «የጢም ሳሙና» ይሉታል። አማርኛ ግን በ«መ» የሚጀምረውን የመሣሪያ ስም ይጠቀማል፤ መቁረጫ የሚቆርጡበት፣ መጥረጊያ የሚጠርጉበት፣ መላጫ የሚላጩበት ነው። «መላጫ ክሬም» የሰማ አማርኛ ተናጋሪ፣ ክሬሙ ራሱ ይላጫል ብሎ ቢያምን ቋንቋው ያስተማረውን ነው ያመነው። ጠጉር አስተካካዩ ጎረቤቴም ያደረገው ይህንኑ ነው።

በእርግጥም ራሱ የሚላጭ ቅባት በዓለም አለ፤ ታሪኩም ከጢም ሳሙና ታሪክ ፈጽሞ የተለየ ነው። በምሥራቅ የመታጠቢያ ቤቶች ዐረቦች «ኑራ»፣ አውሮፓውያን «ሩስማ» ይሉት የነበረው ከኖራና ከአርሴኒክ ማዕድን የሚደባለቅ ልቁጥ ጠጉርን ከሥሩ ያሟሽሽ ነበር፤ ትንሽ ከዘገየ ቆዳንም ይበላል። የዛሬዎቹ አርሴኒኩን ትተው ታዮግላይኮሌት በሚባል ጨው ይሠራሉ። ይህ ጨው የጠጉርን ፕሮቲን ትስስር ይፈታል፤ የቆዳም ፕሮቲን የዚያው ዘመድ ስለ ሆነ በመመሪያው ላይ የተወሰነው ደቂቃ ሲያልቅ መታጠብ አለበት። አንዱ ጠጉርን አርሶ ለምላጭ ያዘጋጃል፤ ሌላው ምላጩን ያስቀራል። በአንድ ስም ሊጠሩ አይገባም።

«የጢም ክሬም» የሚለው የባልደረቦቼ ሐሳብ ጥሩ ነበር፤ ሆኖም ዛሬ ጢምን ለማሳደግና ለማሳመር የሚቀባ ሸቀጥ ስለ በዛ ጢሙን የሚያስቀርና የሚያነሣ ዕቃ ይደባለቃል። እኔ የማቀርበው «የምላጭ ሳሙና»፣ «የምላጭ ክሬም»፣ «የምላጭ አረፋ» የሚሉትን ነው፤ የመጀመሪያው በብሩሽ ለሚመታው ደረቅ ወይም ሊጥ መሰል፣ ሁለተኛው በጣት ለሚቀባው፣ ሦስተኛው ከቆርቆሮ ለሚወጣው። ስሙ ራሱ «ምላጭ አምጣ» ይላል። «ሳሙናው ምላጩን ለማጠብ ነው ወይ?» ብሎ የጠየቀኝ አንድ ባልደረባ ነበረ። የሚቻል ንባብ ነው፤ ግን በዚህ ንባብ የተሳሳተ ሰው ንጹሕ ምላጭ ያገኛል እንጂ ፊቱ አይላጥም። ለሌላው ወገን «ጠጉር አርጋፊ» በቂ ነው፤ «መላጫ» የሚለው ቃል ከእሽጉ ላይ ጨርሶ ይውጣ።

ለመመሪያ ጽሑፍ የሚያስፈልጉት ግሶች በእጃችን ናቸው። በብሩሽ ለሚሆነው «አረፋ እስኪደፍቅ ምታ»፣ ብሩሽ ለማይፈልገው «ጠጉሩን አርሰህ ቀባ»። ተርጓሚው ከሁለቱ አንዱን ከመጻፉ በፊት ማየት ያለበት ጀርባው ላይ የተጻፈውን የውሑዶች ዝርዝር ነው፤ ስቴሪክ አሲድ ካለ የምላጭ ወገን መሆኑን ይጠርጥር፣ ታዮግላይኮሌት ካለ ግን ሌላው ሁሉ ቢመሳሰልም አርጋፊ ነው።

የጠጉር አስተካካዩ ፊት ድኗል። አዲሱን ስያሜ ሳነብለት «እንዲህ ከሆነማ ይገባል» አለና፣ ወዲያው «ለድኅረ መላጨት የሚቀባው የሚያቃጥለው ውሃስ?» ብሎ ጠየቀኝ። ያ ለሚቀጥለው እትም ይቆይ።